ከእጅ እስከ ቤተ ሙከራ፦ ጡትን በራስ ስለመመርመር የሚደረጉ ጥናቶች ምን ይለካሉ? ምንስ ይተዋሉ?

መግቢያ

ጡትን በራስ ስለመመርመር የሴቶችን ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር የሚለኩ ጥናቶች ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎችና የጤና ሳይንስ ኮሌጆች እጅግ በዝተዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ነርሶችና አዋላጅ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የቤት እመቤቶች በየተራ ተጠይቀዋል። የከተማው ስምና የናሙናው ቁጥር ይለዋወጣል እንጂ የጥናቶቹ መልክ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። መደምደሚያቸውም እንዲሁ ነው፦ የሴቶቹ ዕውቀት ዝቅተኛ ነው፤ ተግባራቸው ከዕውቀታቸውም ያንሳል፤ ስለሆነም ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል።

አንድ ጥያቄ ይህን ያህል ዓመት ያንኑ መልስ ሲሰጥ ከሁለት አንዱ ይጠረጠራል፦ ወይ መልሱ ሥራ ላይ አልዋለም፣ ወይ ጥያቄው በትክክል አልተጠየቀም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛውን ጥርጣሬ መመርመር ነው። ሐተታው የሚያተኩረው በአንድ ጥናት ወይም በአንድ ተመራማሪ ላይ ሳይሆን በጥናቶቹ የጋራ አሠራር ላይ ነው።

ጉዳዩ የምርምር ስልት ክርክር ብቻ አይደለም። የዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ተይዘዋል፤ 9 ሺህ ያህሉ ደግሞ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባም በሴቶች ላይ ከሚመዘገቡት ካንሰሮች ሲሶ ያህሉ የጡት ካንሰር መሆኑን አሳይቷል። ከሕሙማኑ የሚበዙት ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ወደ ሦስተኛ ወይም ወደ አራተኛ ደረጃ ከተሸጋገረ በኋላ ነው። እንግዲህ ጥናቶቹ ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ እነዚህ ሴቶች ለምን ይዘገያሉ? መጠይቆቹ ይህን ጥያቄ ይመልሳሉ ወይ የሚለው ደግሞ የዚህ ሐተታ ጉዳይ ነው።

ጥናቶቹ ያስገኙት ጥቅም

ነቀፋውን ከማስቀደም በፊት የሚገባውን ምስጋና መስጠት ተገቢ ነው። ስለ ጡት በአደባባይ መናገር እንደ ነውር በሚታይበት ማኅበረሰብ ውስጥ እነዚህ ጥናቶች ርእሱን ወደ መማሪያ ክፍልና ወደ ጤና ተቋም አስገብተዋል። በርካታ ወጣት ባለሙያዎችም የመጀመሪያ የምርምር ልምዳቸውን ያገኙት በእነርሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥናቶቹ ሊሸፋፈን የማይገባውን አንድ እውነት ገልጠዋል፤ ይኸውም ችግሩ ትምህርት ባላገኙ ሴቶች ዘንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በምዕራብ ጎጃም ዞን በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ለምሳሌ ይጠቀሳል። ሌሎችን እንዲያስተምሩ ከተመደቡት ከእነዚህ ሴቶች መካከል በሕይወታቸው አንድ ጊዜ እንኳ ጡታቸውን በራሳቸው መርምረው የሚያውቁት ከሲሶ ብዙም አልራቁም። ይህ ግኝት ሁለት ንባብ አለው። አንደኛው የተለመደው ነው፦ አስተማሪዎቹም ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛው ንባብ ግን ጠለቅ ያለ ነው፦ ዕውቀቱ ያላቸው ሴቶች እንኳ የማያደርጉት ነገር ከሆነ እንቅፋቱ የዕውቀት ማነስ ብቻ ሊሆን አይችልም። አብዛኞቹ ጥናቶች ግን በመጀመሪያው ንባብ ላይ ቆመው ይቀራሉ።

ዕውቀትን የሚመዝነው ሚዛን

የመጀመሪያው ደካማ ጎን የነጥብ አሰጣጡ ነው። በአብዛኞቹ ጥናቶች ተሳታፊዋ አሥር ወይም አሥራ አምስት ጥያቄዎች ትጠየቃለች፤ ለእያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ አንድ ነጥብ ታገኛለች፤ ከዚያም የሁሉም ተሳታፊዎች አማካይ ይሰላና ከአማካዩ በላይ ያመጣችው «በቂ ዕውቀት ያላት»፣ ከአማካዩ በታች ያመጣችው «በቂ ዕውቀት የሌላት» ተብላ ትመደባለች። ይህ አሠራር ውጤቱን ገና ከመጀመሪያው ይወስነዋል። አማካዩን የመለያ መስመር ያደረገ ጥናት ቀዶ ሐኪሞችን ሰብስቦ ቢጠይቅ እንኳ ከፊሎቹን «ዕውቀት የጎደላቸው» ብሎ መፈረጁ አይቀርም። «ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ በቂ ዕውቀት የላቸውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለ ሴቶቹ የሚናገር ይመስላል፤ በእርግጥ የሚናገረው ግን ስለ ሒሳቡ ነው። በዚህ ሚዛን የተገኙ መቶኛዎችን ከከተማ ከተማ ማወዳደርም ትርጉም አይኖረውም፤ እያንዳንዱ ጥናት የራሱን ሜትር ሠርቶ ለካ እንጂ ሁሉም በአንድ ሜትር አልለኩምና።

ከዚህ የሚብሰው ጥያቄዎቹ ሁሉ እኩል ክብደት መሰጠታቸው ነው። «የወር አበባ ቀድሞ መጀመር ለጡት ካንሰር ያጋልጣል?» የሚለውና «የማያም እብጠት አደገኛ ሊሆን ይችላል?» የሚለው እኩል አንድ አንድ ነጥብ አላቸው። የመጀመሪያውን ያላወቀች ሴት የምታጣው ነገር የለም፤ የወር አበባዋ የጀመረበትን ዕድሜ ልትለውጠው አትችልምና። ሁለተኛውን ያላወቀች ሴት ግን ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች። የጡት ካንሰር በአብዛኛው ሲጀምር አያምም፤ ሕመም ደግሞ በብዙ ሰው ግምት የበሽታ ዋና ምልክት ነው። «ካላመመኝ ምን አስሮጠኝ» የምትል ሴት አሥራ አራቱን ጥያቄ መልሳ ይህችን አንዷን ብትስት በጥናቱ መዝገብ ላይ «በቂ ዕውቀት ያላት» ተብላ ትሰፍራለች።

የቃላቱ ነገር

ሁለተኛው ደካማ ጎን ከቋንቋ ጋር የተያያዘ ሲሆን ብዙም ሲነሣ አይሰማም። መጠይቆቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይዘጋጃሉ፤ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ የአገር ውስጥ ቋንቋ ይተረጎማሉ፤ ከዚያም ለማመሳከር ተመልሰው ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማሉ። ይህ ሥርዓት የቃል ለቃል ስምምነትን ያረጋግጣል፤ ተሳታፊዋ ምን እንደ ተረዳች ግን አያረጋግጥም።

«ነቀርሳ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ቃሉ ሁለት ጌታ አለው፦ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ቲቢ ነው፤ «የጡት ነቀርሳ» ሲባል ካንሰር ነው። «የጡት ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?» ተብላ «አዎ» ያለች ሴት ስለ ካንሰር የማታውቅ ናት? ወይስ የጤና ባለሙያ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ደጋግሞ ያስተማራትን በታማኝነት ያስታወሰች ናት? መጠይቁ ሁለቱን አይለይም። «መተላለፍ» የሚለው ግስም እንዲሁ ነው፤ በትንፋሽ ለሚጋባ በሽታም፣ በዘር ለሚወረስ በሽታም ያገለግላል። ከአንድ ጥያቄ ላይ «ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም» የሚለውን ትክክል፣ ከሚቀጥለው ላይ ደግሞ «በዘር ይተላለፋል» የሚለውን ትክክል አድርጎ የሚጠብቅ መጠይቅ ዕውቀትን ብቻ ሳይሆን የሰዋስው ጥንቃቄንም እየፈተነ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ዋናው ቃል ራሱ ነው። በተለመደው አነጋገር «መመርመር» የሐኪም ሥራ ነው። ገላዋን ስትታጠብ ወይም ልጇን ስታጠባ ጡቷን የምትዳስስ፣ የተለመደ ቅርጹን አሳምራ የምታውቅ ሴት «ጡትዎን በራስዎ መርምረው ያውቃሉ?» ስትባል ያለ ማወላወል «የለም» ትላለች፤ እርሷ ያደረገችው ምርመራ መስሎ አይታያትምና። አንድ ቀን እብጠት ብታገኝም «መርምሬ አገኘሁ» አትልም፤ «እጄን ጎረበጠኝ» ትላለች። ስለዚህ «ከመቶ ይህን ያህሉ ጡታቸውን አይመረምሩም» የሚለው ውጤት ከሴቶቹ መካከል ጡታቸውን የሚያውቁትንና የማያውቁትን በአንድ ከረጢት ይከታል። ይህን ችግር መልሶ መተርጎም አያጋልጠውም፤ የሚያጋልጠው ጥቂት ሴቶችን አስቀምጦ «ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ምን መሰለዎት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሥራው ጥቂት ቀናት እንጂ ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

አመለካከትና ተግባር

በአመለካከት ክፍል የሚቀርቡት ዐረፍተ ነገሮች «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «ፈጽሞ አልስማማም» በሚዘልቅ መለኪያ ይመዘናሉ። «ጡቴን ለመመርመር አላፍርም» የሚል ዐረፍተ ነገር ቀርቦላት «አልስማማም» የምትል ሴት ታፍራለች ማለት ነው ወይስ አታፍርም? ድርብ አሉታ በጽሑፍ ላይም ያደናግራል፤ በቃል ሲነበብ ደግሞ ይብሳል። ከዚህም በላይ ጠያቂው ነጭ ጋወን የለበሰ ባለሙያ ሲሆን ተጠያቂዋ ከእውነቱ ይልቅ ይሉኝታን ልታስቀድም ትችላለች። እንግዳን ማሳፈር ነውር በሆነበት ባህል «ምርመራው ይጠቅማል ብለው ያምናሉ?» ለሚል ጥያቄ «አላምንም» ብሎ መመለስ ቀላል አይደለም።

ተግባርን በሚለካው ክፍል ደግሞ ብዙዎቹ መጠይቆች የሚረኩት በአንድ ቃል ነው፦ «አዎ» ወይም «አይ»። ተሳታፊዋ ምርመራውን እንዴት እንደምታደርግ በሰው ሠራሽ የጡት ሞዴል ላይ አድርጋ እንድታሳይ የሚጠይቁት ጥቂት ናቸው። «አዎ» ካሉት መካከል በጣቷ ሆድ የምትዳስሰው ስንቷ እንደ ሆነች፣ ብብቷን ጨምራ የምትመለከተው ስንቷ እንደ ሆነች አይታወቅም። የትምህርቱ ይዘት ራሱም ስለየትኛዋ ሴት እንደሚናገር መጠየቅ ይገባዋል። «መስታወት ፊት ይቁሙ» የሚለው መመሪያ የግል ክፍልና ትልቅ መስታወት ያላትን ሴት ያስባል፤ ከባለቤቷና ከልጆቿ ጋር በአንድ ክፍል የምትኖረውን አያስብም። «የወር አበባ ከጀመረ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ» የሚለውም ነፍሰ ጡሯንና የምታጠባዋን እናት ያለ መመሪያ ይተዋቸዋል።

የናሙናው አመራረጥም ሊጤን ይገባል። ከጥናቶቹ ብዙዎቹ የሚካሄዱት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪዎች በአንድ ግቢ ስለሚገኙና ማንበብ መጻፍ ስለሚችሉ ነው። ይህ ለተመራማሪው ይመቻል። ነገር ግን የሃያ ዓመት ወጣት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የሚገኙት እብጠቶች አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው ናቸው። ብርሃኑ ያለበት ቦታ እየተፈለገ ነው እንጂ ዕቃው የጠፋበት ቦታ አይደለም።

በመጨረሻም ትንታኔው አለ። በአንድ ጊዜ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ተመሥርቶ «ዕውቀት ያላቸው ሴቶች የመመርመር ዕድላቸው በዚህ ያህል እጥፍ ይበልጣል» ይባልና ዕውቀት ሲጨምር ተግባር ይጨምራል ወደሚል ምክር ይታለፋል። ምርመራውን የጀመረች ሴት ከጀመረች በኋላ ስለ ጉዳዩ ልትማር እንደምትችል፣ ወይም እናቷ ወይም እህቷ ታማባት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልታገኝ እንደምትችል አይታሰብም።

የማይነሣው ጥያቄ

እስከዚህ የተነሡት ነጥቦች ሁሉ መጠይቁን በማሻሻል ሊታረሙ ይችላሉ። ሥረ መሠረቱን የሚነካው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጥናቶቹ ሁሉ አንድ ነገር እንደ ተረጋገጠ ቆጥረው ይነሣሉ፦ በየወሩ በሥርዓት የሚደረግ የራስ ምርመራ ከሞት ያድናል። ይህ ተረጋግጧልን?

ጥያቄው በሁለት ታላላቅ ጥናቶች ተፈትኗል። ዋነኛው በሻንጋይ የተካሄደው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1991 በ519 የጨርቃ ጨርቅና ተያያዥ ፋብሪካዎች የሚሠሩ 266,064 ሴቶች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ምርመራውን በሰው ሠራሽ ሞዴል ላይ ተለማመደ፤ ተደጋጋሚ የማስታወሻ ትምህርት ተሰጠው፤ ለዓመታትም በባለሙያ ፊት እየመረመረ ክትትል ተደረገለት። ሌላው ወገን ይህን ትምህርት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የመጨረሻ ውጤት እንዳሳየው ከተማሩት መካከል 135፣ ካልተማሩት መካከል 131 ሴቶች በጡት ካንሰር ሞቱ። የሁለቱ ወገኖች ቁጥር የተቀራረበ ስለ ነበር ልዩነት አልተገኘም ማለት ነው።

ሁለተኛው በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት በሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ሁለቱን ጥናቶች በአንድ ላይ መዘነ፤ ከ388,535 ሴቶች መካከል 587ቱ በጡት ካንሰር የሞቱ ሲሆን በሁለቱ ወገኖች መካከል የሞት ልዩነት አልታየም። የታየው ልዩነት በሌላ በኩል ነበር፦ ጉዳት የሌለው እብጠት ተገኝቶባቸው ናሙና የተወሰደባቸው ምርመራውን ከተማሩት ወገን 3,406፣ ካልተማሩት ወገን 1,856 ነበሩ። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2003 ወርኃዊውን ምርመራ ከግዴታ ምክርነት ወደ ፈቃደኝነት ዝቅ አደረገው፤ የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይልም እ.ኤ.አ. በ2009 ምርመራው በትምህርት መልክ እንዳይሰጥ መከረ። ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ በርካታ መጠይቆች «በየወሩ ይመረምራሉ?» የሚለውን ጥያቄ የሴቶች የብቃት መለኪያ አድርገው መቀጠላቸው ሊታረም የሚገባው ስሕተት ነው። ቢያንስ በጥናቶቹ መግቢያ ላይ ይህ ማስረጃ ሊጠቀስና ሊመረመር ይገባ ነበር።

ውጤቱ ለኢትዮጵያ ምን ይናገራል?

ይሁን እንጂ የሻንጋይን ውጤት «ጡትን መዳሰስ አይጠቅምም» ብሎ ማንበብም ሌላ ስሕተት ነው። በሻንጋይ ያልተማሩት ሴቶችም እብጠታቸውን ያገኙት በአብዛኛው ገና ትንሽ ሳለ ነበር፤ ሐኪም ዘንድም በጊዜ ደርሰዋል። ስለሆነም ጥናቱ ያሳየው ነገር ውሱን ነው፦ ሴቶች ለውጥን በተፈጥሮ በሚያስተውሉበትና ሕክምና በቅርብ በሚያገኙበት ቦታ ወርኃዊው ሥርዓት የሚጨምረው ነገር የለም። እብጠቱ ቆዳውን ሰብሮ ቁስል ከሆነ በኋላ ሴቶች ወደ ሆስፒታል በሚመጡበት አገር ለውጥን አውቆ በቶሎ መምጣት ምን ያህል እንደሚጠቅም ያ ጥናት አልፈተነም።

ሁለቱን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። አንዱ በቀን መቁጠሪያ፣ በደረጃና በስልት የሚደረገው ወርኃዊ ምርመራ ነው። ሌላው ጡትን ማወቅ ነው፤ የተለመደውን መልክና ቅርጽ ማወቅ፣ አዲስ ጠጣር ነገር፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ወይም የብብት ንፍፊት ሲታይ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ሁለተኛው ሥልጠና፣ መስታወትና የቀን ቁጥር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ሴቲቱ የማያም እብጠትን እንዳትንቅ፣ ስትመጣ ደግሞ የሚቀበላት ባለሙያ እንዳይንቃት።

የባለሙያ እጅ የሚሰጠውን ጥቅም በተመለከተ ከሕንድ ሙምባይ የተገኘው ውጤት ሊጤን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው በዚያ ጥናት 151,538 ሴቶች የተሳተፉ ሲሆን የሠለጠኑ ሴት የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ የአንደኛውን ወገን ሴቶች ጡት ይመረምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሃያ ዓመት ውጤት እንዳሳየው በተመረመሩት ወገን ካንሰሩ በተሻለ ደረጃ ላይ ሳለ ተገኝቷል፤ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑት ሴቶችም ሞት በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከ50 ዓመት በታች በሆኑት ግን የሞት ቅነሳው አልታየም። በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ሕሙማን ከ50 ዓመት በታች ስለ ሆኑ ውጤቱን እንዳለ መቅዳት አይገባም፤ የማሞግራፊ መሣሪያ በሌለበት ቦታ የሠለጠነ እጅ ዋጋ እንዳለው ግን ያስገነዝባል።

መዘግየቱ የት ነው?

አንዲት የሠላሳ አምስት ዓመት የሦስት ልጆች እናት ልጇን እያጠባች ሳለ በጡቷ ውስጥ የማያም ጠጣር እብጠት እጇን ጎረበጣት እንበል። አማቷ «ወተት ቋጥሮ ነው» ይሏታል፤ በሞቀ ጨርቅ ትይዘዋለች። ጥቂት ሳምንታት ያልፋሉ። ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ «አይዞሽ እህቴ፣ የጡት ኢንፌክሽን ነው» ተብላ አንቲባዮቲክ ይታዘዝላታል። እብጠቱ አልጠፋም፤ ተመልሳ ስትመጣ ሌላ ባለሙያ ሌላ አንቲባዮቲክ ያዝላታል። ወደ ጠበል ትሄዳለች። ወራት ያልፋሉ። ሪፈር ተጽፎላት ወደ ሆስፒታል ስትደርስ የአልትራሳውንድ ቀጠሮ፣ ከዚያ የመርፌ ናሙና፣ ከዚያ የፓቶሎጂ ውጤት፣ ከዚያ የቀዶ ሕክምና ተራ ይጠብቃታል። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ የነበረ ሲሆን በቅርብ ዓመታት ወደ ክልል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች መስፋፋት ቢጀምርም ወረፋው ገና አልቀለለም።

ይህች ሴት በመጠይቅ ብትጠየቅ «ጡቷን በራሷ የማትመረምር» ተብላ ትመዘገባለች። እብጠቱን ግን በመጀመሪያው ሳምንት አግኝታዋለች። የዘገየው እጇ አይደለም፤ የዘገየው ከእጇ እስከ ቤተ ሙከራው ያለው መንገድ ነው። ከዚያ መንገድ ላይ ከፊሉ የርሷና የቤተሰቧ ነው፤ ከፊሉ የገንዘብና የትራንስፖርት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ የጤና ባለሙያው ነው። ዕውቀትን፣ አመለካከትንና ተግባርን የሚለካው መጠይቅ ከመንገዱ ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ ነው፤ ሲፈርድ ግን ስለ ሙሉው ጉዞ ይፈርዳል። ሳይታሰብም ተጠያቂነቱን ከሥርዓቱ ላይ አንሥቶ በታማሚዋ ላይ ይጭናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያስጀመረው ዓለም አቀፍ የጡት ካንሰር ንቅናቄ ያስቀመጣቸው ሦስት ግቦች ከዚህ አንጻር ትምህርት ሰጪ ናቸው። ከወራሪ የጡት ካንሰሮች ቢያንስ 60 በመቶው በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳሉ እንዲገኙ፤ ሴቲቱ ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን አንሥቶ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ፤ ከሕሙማኑም ቢያንስ 80 በመቶው ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ። ከሦስቱ ግቦች ሁለቱ የሚለኩት የጤና ሥርዓቱን ነው፤ አንዱም ቢሆን «በየወሩ ትመረምራለች ወይ?» ብሎ አይጠይቅም።

ምን ይጠየቅ?

ከላይ የተነሡት ነቀፋዎች ጥናቶቹ ይቅሩ የሚሉ አይደሉም፤ ጥያቄያቸው ይቀየር የሚሉ ናቸው። በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠየቁት ሴቶች በሽታው በሚበዛበት ዕድሜ ያሉና እብጠት አግኝተው የሚያውቁ ቢሆኑ ይመረጣል። «መርምረው ያውቃሉ?» በሚለው ፈንታ «በጡትዎ ላይ ለውጥ ያዩት መቼ ነበር? በመጀመሪያ ለማን ነገሩ? ምን አሉዎት? ወደ ጤና ተቋም የሄዱት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? እዚያስ ምን ተደረገልዎት?» የሚሉ ጥያቄዎች ይቅደሙ። ዕውቀትን መለካት ካስፈለገ ነጥቡ በአማካይ ሳይሆን አስቀድሞ በተወሰነ መስፈርት ይሰጥ፤ ሕይወትን የሚወስኑት ሁለት ሦስት ጥያቄዎችም ለብቻቸው ይመዘኑ። መጠይቁ ከመሰራጨቱ በፊት ቃላቱ በሴቶቹ አፍና ጆሮ ይፈተኑ።

ሁለተኛው ዐቢይ ነጥብ መጠይቁ ወደ ባለሙያውም መዞር ያለበት መሆኑ ነው። የባለሙያውን ዕውቀት ከመጠየቅ ይልቅ የሥራ መዝገቡን ማየት ይሻላል። በአንድ ጤና ጣቢያ በአንድ ዓመት ውስጥ የጡት እብጠት ይዘው የመጡት ስንት ናቸው? ስንቶቹ ጡታቸውና ብብታቸው በእጅ ተዳሰሰ? ስንቶቹ ያለ ምንም ምርመራ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ተሸኙ? ሪፈር ከተባሉት ስንቶቹ ደረሱ? የናሙና ውጤቱስ በስንት ቀን ተመለሰ? ይህ ጥናት ከአምስት መቶ ተማሪዎች መጠይቅ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅና የበለጠ የሚያስተምር ነው።

ጥናቱ እስኪመጣ መጠበቅ የማያስፈልጋቸው ሥራዎችም አሉ። የሚዳሰስ እብጠት ያላት ሴት በመዳሰስ ብቻ «ደህና ነሽ» ተብላ እንዳትሸኝ፤ የጡት ኢንፌክሽን የመሰለ ነገር በአንድ ዙር አንቲባዮቲክ ካልጠፋ ሁለተኛ ዙር ከመታዘዙ በፊት ለምስልና ለናሙና ምርመራ እንድትላክ፤ እርግዝናና ማጥባት ምክንያት ተደርጎ ምርመራው እንዳይዘገይ፤ ሪፈር የተጻፈላት ሴት መድረሷ በስልክ ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል እንዲጣራ። እነዚህ አዲስ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ጤና ጣቢያው የራሱን አሠራር እንዲለውጥ ነው።

መደምደሚያ

ዕውቀትን፣ አመለካከትንና ተግባርን የመለካት ስልት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በቤተሰብ ምጣኔ ጥናቶች ውስጥ ሲሠራበት የኖረ ነው፤ በማወቅና በማድረግ መካከል ያለው ክፍተት ምክንያት ብዙ እንደ ሆነም ያኔውኑ ታውቋል። ጡትን በራስ ስለመመርመር የሚደረጉት ጥናቶች ይህን ቀድሞ የታወቀ ነገር በየከተማው እያረጋገጡ ሳለ አንድ ትልቅ ነገር ሳይለኩ አልፈዋል፤ ይኸውም ሴቲቱ ያወቀችውን ይዛ ስትመጣ የሚጠብቃት ምን እንደ ሆነ ነው።

ግንዛቤ መፍጠር ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግንዛቤ ያገኘችው ሴት የምትደርስበት በር ሊከፈትላት ይገባል። እብጠቷን ይዛ በወቅቱ የመጣች እናት አንቲባዮቲክ ተሰጥቷት ብትመለስ፣ በዓመቱ ደግሞ ቁስሏን ይዛ ብትመጣ፣ «ሴቶች ዕውቀት ይጎድላቸዋል» ብሎ መጻፍ እውነትም ፍርድም አይደለም። የሚቀጥለው መጠይቅ ከመታተሙ በፊት አዘጋጁ በሚሠራበት ጤና ተቋም መዝገብ ውስጥ ባለፈው ዓመት «የጡት እብጠት» ተብለው የተጻፉትን ስሞች አውጥቶ ዛሬ የት እንዳሉ ቢያጣራ፣ ምናልባት መጠይቁ የሚፈልገውን መልስ እዚያው ሊያገኘው ይችላል።